ስምንት ሥዕል በሴኮንድ

ቲኬቱን ያስቆረጠኝ ሃያቴ ነው፣ የወንድሜ የልጅ ልጅ፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እጄን ይዞ አስገባኝ እንደ ወላጅ።
ፈንዲሻው ከጭኑ፣ መነጽሬ ከአፍንጫዬ ጫፍ፣
መብራቱ ሲከስም ልቤ እንደ ልጃገረድ ሲርገፈገፍ፣
«አክስቴ፣ ያንቺ ነው አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ።
አዎ ልለው ስል ባሕሩ መጣ፤ በጩኸት፣ በእምቢልታ።

የኛ ባሕር እንዲህ አልነበረም።
ሰማያዊ ቁጥር አርባ አንድ ነበረ፣ የጣሳ ጭላጭ፤
ከግልጹ ላስቲክ ጀርባ የምቀባው፣ የፈሰሰውን በምላጭ
እየፋቅሁ።
ኔሪማ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ፎቅ፣
ባቡር ባለፈ ቁጥር መስመሩ ሲንቀጠቀጥ፣ እንደ ሰው ሲስቅ፣
አሥራ አንድ ነበርን፤ ክረምት በጓንት፣ በጋ በእርጥብ ፎጣ፣
ስንቀባ የምናድር፣ ፊልሙን የሚወስደው ልጅ በብስክሌት እስኪመጣ።

ታሪኩ ቀላል ነው፦ ስም የለሽ አንዲት ልጅ፣ ወደብ ዳር፣
የተቀደደ ማዕበል ትሰፋለች፤ በመርፌ፣ በዓሣ አጥማጅ ክር።
አንድ ዓይና ሳቢሳ አጠገቧ በአንድ እግሩ ቆሞ
ያያታል። ቃል አይወጣውም። ዝም ይላል፤ ደግሞ፣ ደግሞ።
በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከእራት በፊት፣ አገር ምድሩ፣
ልጁ ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ ያ ዝምታ ነው ምሥጢሩ።
«ሳቢሳው ማን ሞቶበት ነው?» ብለው ሲጽፉልን፣
እንስቅ ነበር በጓዳ፤ ገንዘብ ነበር የሞተብን።

በሴኮንድ ስምንት ሥዕል፤ ከዚያ በላይ አቅም የለ፤
ለሳቢሳው ሦስት ጊዜ ዓይን መክደን ተፈቀደ፤ ክንፉማ እንደታጠፈ ዋለ።
ድህነታችን ግን ስክሪኑ ላይ ሲደርስ፣ መልኩን ቀይሮ፣
ትካዜ ሆኖ ወጣ፤ እኛም ራሳችን አመንነው ውሎ አድሮ።

ዛሬ ግን ገንዘብ ሞልቷል።
ሳቢሳው ላባው ተቆጥሮ የተሠራ፣ አንድ በአንድ እርጥብ፤
ይበራል፣ ይቀልዳል፣ ይጨፍራል፤ ለአፍታ እንኳ አይል ረገብ።
ልጅቷ ስም ወጥቶላታል። አባት ተገኝቶላታል፣ ጠላትም፤
መርፌዋ ሰይፍ ሆኗል፤ ስትሰፋ ግን አላየኋትም፣ አንዴም።
ተዋናይቷ ቆንጆ ናት፤ ምን አጠፋች? ታለቅሳለች በደንብ፤
እንባዋም መንገዱን ያውቃል፤ ይወርዳል በትራፊክ ደንብ።
ማዕበሉ ተነሥቶ ከተማ ይሰብራል፤ ወንበሬ ይንቀጠቀጣል፤
አንድ ስፌት የለበትም፤ ያልተቀደደ በምን ይጠገናል?

ቆጨኝ። አልዋሽም። ጥርሴን ነክሼ ቆጠርኩ፣ እንደ ልማዴ፤
በሴኮንድ ሃያ አራት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አራት፤ ሆዴ
ባዶ ሆነ።

መብራት ሲበራ «ወደድከው?» አልኩት ለሃያቴ።
ከንፈሩ ጨው በጨው፤ «በጣም! ወፉ ሲያስቅ፣ አክስቴ!
ያንቺኛው ግን ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሰው?»
ምን ልበለው?

ትዝ አለኝ ሺገሞሪ። ታሪኩን በመጽሐፍ አስቀድሞ የጻፈው፣
ከዓሣ ገበያ ጠረን ጋር፣ አንድ ማክሰኞ ቢሮአችን የመጣው።
የመጀመሪያውን ክፍል አሳየነው፤ ሻይ አቀረብንለት፤
ሃያ ሁለት ደቂቃ አየ፤ ሻዩ እንደ ቀረበ ቀዘቀዘበት።
«የኔ ሳቢሳ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የኔ ሳቢሳ ለፍላፊ ነበረ፤
ሟች ባለቤቴ ናት እሱ።»
እጅ ነሥቶ ወጣ። ባርኔጣው ወንበር ላይ ቀረ።

ይላክለት ተባለ፤ ማንም አልላከለትም። እኔ ጋ አለ፣ እስከ ዛሬ፣
ከቁጥር አርባ አንድ ጣሳ አጠገብ፤ አቧራውን አራግፌ አላውቅም፣ አፍሬ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ሃያቴ በአንድ እግሩ ይዘላል፤
ክንዱ ክንፍ ነው፤ ይለፈልፋል፤ ሰዉ ዞር ብሎ ያየዋል።
ምናልባት ያቺ ሴትዮ እንዲህ ነበረች፤ ማን ያውቃል?
ዝም በል ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ባቡሩ መጣ። መልሼ ገጠምኩ።