ሰማንያ ሊትር

«አጥንትሽ ሳስቷል» አለኝ፣ ፊልሙን በብርሃን ይዞ፣
«ክኒን ብቻ አይበቃም፤ ሸክም ይኑረው ጉዞ።
አጥንት እንደ ሰው ነው፤ ካልተጫኑት ይሰንፋል፣
ትንሽ ሲከብድበት ራሱን ይደግፋል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክኒን የቆጠርኩ፣
ከፋርማሲው ባንኮ ጀርባ ቆሜ የኖርኩ፣
ለሰው ሁሉ «በቀን ሁለት ጊዜ» እያልኩ የምጽፍ፣
ለኔ የታዘዘው ግን በብልቃጥ የማያርፍ፦
አስራ ሁለት ኪሎ፣ በሳምንት ሦስቴ፣
ወደ ደንገጎ ሽቅብ፣ ሳይነቃ ጎረቤቴ።

ታይዋን ገበያ ገባሁ፣ ከሰልባጁ ጫፍ፣
ሻንጣ ፍለጋ፣ ጀርባዬን የሚያቅፍ።
ኢፍራህ ከክምሩ አናት ሆና ታየኛለች፤
መነጽሯን በሻሿ ጠርዝ ትወለውላለች።
«ለልጅሽ ነው?» «ለኔ ነው።» «አረብ አገር ልትሄጂ?»
«አይ፣ ተራራ ልወጣበት።» «ታዲያ ባጃጅ ያዢ!»

አዲሱን አነሣሁ፣ ላስቲኩ ያልተፈታ፤
ስፌቱን ጎተት ባደርገው ጥርሱን አሳየኝ በደስታ።
ቀዩ ማሰሪያው ቀጭን፣ ትከሻ የሚቆርጥ፤
ቡኒው ጀርባው ላስቲክ፣ በድሬ ሙቀት የሚያቀልጥ።
ከጫማው ክምር ስር ግራጫ ማሰሪያ ሳብኩ፤
ሳብኩ፣ አላልቅ አለ፤ በመጨረሻ ሰው የሚያህል ሻንጣ አቀፍኩ።
ክዳኑ ላይ «ሰማንያ» የሚል ቁጥር፣ ቀለሙ የለቀቀ፤
ከውስጡ፣ በማላነበው ፊደል፣ ስም፤ ላብ በልቶት ያለቀ።

«ሰማንያ ሊትር!» ሳቀች ኢፍራህ፣ «በርሜል ነው ይኼማ!
ምን ልትሞዪበት ነው? ቤትሽን? ወይስ ሙሉ ከተማ?
ትልቅ ቦርሳ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ይለምንሻል፤
ድስት ጨምሪ፣ ብርድ ልብስ ጨምሪ እያለ ያጎብጥሻል።»

ታውቃለች። በአፍላነቷ፣ ሌሊት፣ በደወሌ በኩል፣ በእግር፣
ሠላሳ ሜትር ጨርቅ ወገቧ ላይ ጠቅልላ ስታሻግር፣
ያተረፋት ትከሻዋ አልነበረም።

«ወገብ ይሸከም፣ ትከሻ ይምራ» አለች፤
የዳሌውን ቀበቶ ትንፋሼ እስኪያጥር አሰረች።
ከጎረቤት ሱቅ ሩዝ ተበደረች፦
አምስት ኪሎ፣ ደግሞ አምስት፣ ደግሞ ሁለት።
«ከባዱን ወደ ጀርባሽ! ከታች ከሆነ ይጎትትሻል።»
ተንገዳገድኩ። ባለ ሐብሐቡ ሳቀ።
ከዚያ ክብደቱ ከትከሻዬ ወርዶ
ዳሌዬ ላይ ተቀመጠ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ።

የደረቱን ዘለበት ስትቆልፍ ጣቷ ቆም አለ፤
ፊሽካ ነበር፣ ከላስቲኩ ውስጥ የተተከለ።
«እዪው ይኼን!» ብላ ነፋችው፣ አንዴ፣ በረጅሙ፤
ባጃጁ ቆመ፤ ሕፃን ዝም አለ፤ የሚከራከሩት ቆሙ።

ፊት ለፊት፣ ከሰዓት ጠጋኙ በረንዳ ጥላ፣
ጋሽ ደግፌ፣ የባቡሩ፣ ተነሡ፤
ወንበራቸው ወደቀ ወደ ኋላ።
ቀኝ እጃቸው ባንዲራ ፈለገ፣ ከብብታቸው ስር፤
ዓይናቸው ወደ ለገሃር ሄደ፣ ሣር ወደበላው መስመር።
ሰዓት የሌለበትን ግራ አንጓቸውን አዩ።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት፣
ወንበሩን ራሳቸው አንሥተው
ተቀመጡ።

ማንም አልሳቀም። ባለ ሐብሐቡ ቢላዋውን ጠረገ።
ኢፍራህ ዋጋውን ነገረችኝ፣ ወደ ሌላ እያየች።
አልተከራከርኩም።
ዚፑ አንድ ጥርስ እንደጎደለው አይቻለሁ፤
ለአስራ ሁለት ኪሎ ሰማንያ ሊትር
ዕብደት መሆኑንም አውቃለሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የደቻቱን ደረቅ አሸዋ
በስኳር ከረጢት ሰፍሬ፣ በፋርማሲ ሚዛን፣ እንደ ልማዴ፣
ግማሹ ባዶ የሆነ ሻንጣ ጀርባዬ ላይ እየተንኳኳ
ወጣሁ። አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ አለፈኝ።
ከሁለተኛው ኩርባ ዞር ብዬ አየሁ፤
ድሬ ገና መብራቷን አላጠፋችም።
ፊሽካው ከአገጬ ስር ይወዛወዛል።
አልነፋሁትም፤
ከታች የሚነሣ አይጠፋም።