የሰባት ቀን ሰም

ሦስተኛ ጊዜ ነው አንችናሉን ስከፍታት፣
ያው የድሮ ጠባሳ፣ ያው ቢላ ያለፈበት።
መጀመሪያ አንጀቷ ተጠምዝዞ ነበር፣ እንደ ጠፍር ከሮ፤
ፈታሁት፣ መለስሁት፤ ኤልያስ ገባች፤ ለአጨዳ፣ ለውቂያ፣ ለኑሮ።

ችግሩ መዳኗ ነበር።

ሥጋ ለመዳን ሲቸኩል ጎረቤት አይለይም፣
ያገኘውን ይጨብጣል፣ የጨበጠውን አይለቅም።
አንጀት ከግድግዳው፣ ሞራ ከማህፀን፣
ድር በድር እያደረ፣ ሲሰፋ ጎን ለጎን።
ለተጣላ ሰው እኛ «ሆድና ጀርባ» ነው ተረታችን፣ ነው መላ፤
የእሷ ግን ሆድና ጀርባ ተፋቅረው ሊገድሏት ሆነ በኋላ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በመቀስ ጫፍ፣ ክር በክር፣
አንዱን ካንዱ ስለይ፣ እንዳይበሳ ስጠረጥር፤
እያወቅሁ፦ ዛሬ የለየሁት በሰባት ቀን ይመለሳል፤
መለየቴም ቁስል ነው፤ ቁስል ደግሞ ጎረቤት ይፈልጋል።

*

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ድሮ የአንሶላ መጋዘን በነበረች ክፍል፣
ይበልጣል የተልባ ልጋግ ያጠራል፤ ሳህን ላይ ያፈስሳል።
ሲደርቅ ስስ ነው፣ የሽንኩርት ልባስ የሚያህል፤
ውሃ ሲያገኘው ያብጣል፣
እንደ ጨሞጋ ዓሣ ከጣት ያመልጣል።
ሁለት ቁስል መሃል ማንጠፍ ነው ሐሳቡ፣
እስኪያገግሙ ድረስ እንዳይቀራረቡ።

ሐሳቡስ ቀላል ነው።
«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ያለ ሰው
ልጋጉን አልሞከረው።

የመጀመሪያው ሽፋን መርፌ ሲነካው ተቀደደ።
ሁለተኛው ጸና፤ ግን በሦስተኛው ቀን ሟሙቶ ሄደ፤
አይጧ ስትከፈት አንጀቷ ከጠባሳው ተዛመደ።
ሦስተኛውን አጠነከርነው፤ ወር ቆየ፤ ሰውነቷ ባዕድ ነህ ብሎ ተቆጣ፣
ከከለከልነው የባሰ መጣበቅ ዙሪያውን አመጣ።
ይበልጣል መዝገቡ ላይ «ከሸፈ» ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን ሳይጽፍ ወጣ፤
ሻይ ሊጠጣ ሄዶ፣ ሻዩን ሳይጠጣ መጣ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ።
«የሰም ጥፋቱ መቅለጡ አይደለም» ይሉ ነበር፣
«ያለ ጊዜው መቅለጡ ነው እንጂ። ቀድሞ የፈሰሰ ወርቁን ያበላሻል፤
አልፈስም ያለም ይቀብረዋል።»
ያኔ ስለ ቅኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

*

በአምስተኛው ቀን አንችናሉ ግድግዳ ይዛ ቆመች።
ሳህኑን አሳየኋት። ጣቷን ነከረች፤ አሻሸች፤ ሳቅ አለች።
«ይኸማ ድንበር ነው። ከወንድሜ ከዋሴ ጋራ ማሳችን መሃል
አንድ ክንድ ሳር ነበረች።
ያችን ሳር ካረስናት ወዲህ እሳት አልተጫጫርንም።»
ዝም አልሁ።
«ለኔ አስገባህልኝ?»

አላስገባሁም። ገና የአይጥ ነው። ገና አልተፈቀደም።
አዎ ልላት ነበር፤ አፌ አልታዘዘም።
«እንግዲህ» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣
«ለአራተኛው አድርሱት።»

ጥቅምት ሲብት አንድ ሹፌር አቁማዳ አወረደ፣
ሁለት ቁና ተልባ።
«በረዶ ያልመታው ነው፤ ለአይጦቻችሁ፣ ብላለች።»
ይበልጣል ሳቀ፤ ለቀመው፤ አጠበው፤ ዘፈዘፈ።
ሌሊቱን የጮቄ ብርድ መስኮቱን ሲዳስስ አለፈ።

ጧት ማንኪያ ነክሬ አነሣሁ።
ክሩ ወረደ፤
ወረደ፤
ጉልበቴ ጋ ደረሰ፤
ገና አልተበጠሰም።
ይበልጣል ብዕሩን አነሣ፦
«አይጥ ዐርባ አንድ። ቀን አንድ።»
ዛሬስ ቀኑን አልረሳም።