ወደ ውሃው

ከቃሊቲ ማዶ፣ ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣
ጎማ ከነጭቃው ካጥር ተደግፎ፣
"ባትሪ እንሞላለን" ይላል አንድ ቆርቆሮ፣
በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ በዝገት ተወሮ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ሰባ ሁለት ልጅ ታጭቆ፣
ቤተ ሙከራ የሚሉት ክፍል፣ ብልቃጡ ሁሉ አልቆ፣
የቀረችኝ አንዲት ሊትመስ ናት፣ ሰማያዊ፣ ጣት የማታህል፣
ለአሥራ ሁለት ቡድን በመቀስ ተቆራርጣ የምትከፈል።
አሲድ ግን የለኝም።

ጀሪካኔን ይዤ ጋሽ ሂርጳ ዘንድ ሄድኩ ቅዳሜ ማለዳ፤
ሱሪው እንደ ወንፊት ነው፣ ከጉልበቱ በታች ቀዳዳ በቀዳዳ።
"ምን ያደርግልሻል?" አለኝ።
"ለልጆቹ ላሳያቸው። አሲድ እኮ ሰጪ ነው፤
ውሃ ሲያገኝ ፕሮቶኑን ይለቃል።
ብርቱው ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤
ሎሚ ግን ደካማ ነው፣ ይሳሳል፣
ጥቂት ሰጥቶ ወዲያው መልሶ ይቀበላል።"

ሳቀ። "እንደ ሎሚውስ ያለ ጎረቤት አለኝ፣
ያበደረውን ሳይመሽ የሚጠይቅ።
ይሄኛውን ግን ሰጪ አትበይኝ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብሴን ሲሰርቅ!"

ከዚያ ላቅጥነው ብዬ የውሃውን ጣሳ አነሳሁና
ወደ አሲዱ ዘንበል ሳደርግ
እጄን ያዘኝ። እንደ ሌባ እጅ፣ አንጓዬን ጨምድዶ።
"አሲዱን ወደ ውሃው! ቀስ እያልሽ።
ውሃውን ወደ አሲዱ፣ በጭራሽ።"

አፈርኩ። ይህን ሕግ እኔው ነኝ በጠመኔ የምጽፈው፣
ሁለት ጊዜ አስምሬበት ለፈተና የማወጣው።
እሱ ግን ከመጽሐፍ አይደለም ያነበበው፣
የግራ ዓይኑ ሽፋን ላይ ነው የተጻፈው፤
ጠባሳ፣ እንደ ሠረዝ።
"ወንድሜ ነው ያፈሰሰው፣ እሱም ልጅ፣ እኔም ልጅ" አለ፤
"ውሃው ጠቡን ሳያውቅ ገባ። ፈላ። ተረጨ።"
ሌላ ቃል አላከለ።

ስንቀዳ ጥቂት ጠብ አለና ቀሚሴ ጫፍ ላይ ሲያርፍ፣
ካመዱ ባልዲ ዘግኖ በተነበት፤
ሽ... አለ፣ አረፋ ነፋ።
"ተጣሉ፣ ተጣሉ... ይኸው ታረቁ። ጠቡ ጠፋ።"
እኔ ይህን "ገለልተኛ" እለዋለሁ፤ ጨውና ውሃ፣ ትንሽም አየር።
"እርቅ" ብዬው አላውቅም ነበር።

ሰኞ አሥራ ሁለቱም ቁራጭ ባንድ አፍታ ቀላ፤
ሲፈን እጇን አወጣች፣ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ፦
"ቲቸር፣ ሰጪ ከሆነ ለምንድነው የሚያቃጥል?"
ደወሉ አዳነኝ። "ነገ" አልኳት፣ ጠመኔዬን ስጠቀልል።

ማታ ቀሚሴን ሳጥብ፣ ቅዳሜ ያልታየኝ፣
ሦስት ቀዳዳ፣ እንደ ሽንብራ፣
ጨርቁ ላይ ዓይኑን ገለጠ።
ታርቀው የለም እንዴ? አልኩ።
ውሃው በቀዳዳው ሾልኮ
መዳፌ ላይ ተንጠባጠበ።