አወዳድሩ (ዐሥር ነጥብ)

ሰኔ ነው ጅማ ላይ፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤
መብራቱ ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ይነካል፤
ፈተና አርማለሁ፤ ሻማዬ ያጥራል።

ጥያቄ አራት ላይ፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት፣
«ብርብራና ፈርንን አወዳድሩ» ያልኩት።

ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ የሰሌዳዬን ቃል
ነጥብ ሳያዛንፍ መልሶ ሰጥቶኛል፦
«ብርብራ ያብባል፤ ወይን ጠጅ ነው ቀለሙ፤
ሥሩ እባጭ ያወጣል፤ ለአፈር ነው ጥቅሙ።
ፈርን ግን አበባም ፍሬም አያፈራ፤
ከቅጠሉ ጀርባ ነው ስፖር የሚዘራ።»
ራይት። ራይት። ራይት።
ቀዩ እስክሪብቶዬ ሳያነብ ይሮጣል።

አርባኛው ወረቀት የአንዲት ልጅ ነው፣ ከመስኮቱ ጠጋ
ብላ የምትቀመጥ፣ የጌራ ልጅ፣ ሸምሲያ አባዲጋ።
ድምጿን አላውቀውም።

«መምህር፣ ብርብራው ከደጃችን አለ፤
ለቡናው ጥላ ነው፤ አያቴ ነው የተከለ።
ሲያብብ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል፤
የእናቴ እጅ ለመጥረግ ያን ሰሞን ይሰንፋል።
ፍሬው ደርቆ ሲፈነዳ እንደ ጥይት ይጮኻል፤
ታናሽ ወንድሜ ይሮጥና አልጋ ሥር ይገባል።

አባቴ ያንን ፍሬ ይወቅጠዋል፤
ውኃ ሲጎድል ወንዙ ላይ ይበትነዋል፤
ዓሣው ይሰክራል፤ ነጭ ሆዱን አዙሮ ይንሳፈፋል።
እኛም እንበላለን። ይጣፍጣል።

ፈርኑ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከዐለቱ ሥር፣ ምንጭ ከሚንጠባጠብበት፤
ማንም አልተከለው፣ ማንም አላለው ‹አማረበት›።
ሲበቅል እንደ ሕፃን ጡጫ ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈታል፤
ምን እንደጨበጠ ለማየት ብዙ ቀን ጠብቄያለሁ፤
ባዶ ነው።

ግን ከሰከሩት ዓሦች ትንንሾቹን፣
አባቴ ዞር ሲል፣ በቲማቲም ጣሳ እየቀዳሁ
ከፈርኑ ሥር፣ ከንጹሑ ውኃ እለቃቸው ነበር።
አንዳንዱ ጭራውን ያንቀሳቅሳል።
አንዳንዱ እንደዚያው ይቀራል።
ልዩነታቸው ይህ ነው።
አንድነታቸው፦ ሁለቱም ዝናብ ይወዳሉ።
ሰዓት አለቀ።»

የእርማት ቁልፌ ይላል፦
ለአበባው ሁለት፣ ለሥሩ ሦስት፣ ለስፖሩ አምስት።
ስለ ዓሣ ምንም አልጻፍኩበት።

ጃንጥላ ሳልይዝ ወጣሁ፤ ከግቢው ቦይ ግንብ ላይ
የበቀለውን ፈርን በባትሪ ብርሃን ገለበጥኩት።
ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤
ጀርባውን በጣቴ ነክቼው አላውቅም ነበር።
ቡናማ ዱቄቱ አውራ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ተመልሼ ወረቀቷን ያዝኩ፤ እስክሪብቶዬን ፈለግሁ፤
ቁጥር በሚጻፍበት፣ ከዐሥሩ ጎን ባለው ባዶ ቦታ
ቡናማ አሻራ ጥዬ አገኘሁ።
ሻማው አለቀ።