የተቆረጠው ጠርዝ

ርዕሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።
ሎክላን አይደለም፣ እሱ ፎቶውን ነው ያነሳው፤
ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ማክሰኞ ማታ፣
ማተሚያ ቤቱ ደውሎ ሲጨቀጭቀኝ፣
ግማሽ ሳንድዊች በግራ እጄ፣ በቀኜ ቃል ሳነሳ ስጥል፣
ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቦታው ጠባብ ነበር። ሁለት ዓምድ፣ ደማቅ ፊደል።
"ሃይማኖት" ብዬ ሞከርኩ፤ ጫፉ ሾልኮ ወጣ፣
አምስት ፊደል በዛብኝ።
"ጥንቆላ" አልኩ። አራት ናት። ልክክ አለች፣
እኔም በሩ እንደገጠመለት አናጢ ደስ አለኝ።
የጋዜጣው ጠበቃ በስልክ፦
"ጥያቄ ምልክት ጨምርባት፤ የጠየቀ አይከሰስም።"
ጨመርኩ። ያቺን ቆልማማ፣ ያቺን መንጠቆ፣
ከሥሯ አንዲት ነጥብ የምታንጠባጥብ።

በወንዛችን ጥንቆላ?
ረቡዕ ጠዋት በየደጁ ተጣለ።

ከሥሩ ያለው ፎቶ፦
የኔፒየን ወንዝ፣ እሑድ ጠዋት፣
(በዚያ አገር ሰኔ ብርድ ነው) ጉሙ ከውሃው ሳይለቅ፤
ነጭ የለበሰ ጺማም ሰው፣
የአንዲትን አሮጊት ግንባር በመዳፉ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ፤
አፏ ክፍት፣ ዓይኗ ጭፍን።
ሌላውን ቆርጬዋለሁ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ከተማው ጨመረ።

አንድም ያየ ሳይኖር የሰማው በርክቶ፣
ወሬው ቀንድ አወጣ በየቤቱ ገብቶ፤
ጅራቱን ጎረቤት ከኋላው ቀጥሎ፣
ማታ በየጓዳው አደረ ተሰቅሎ።

ሐሙስ፣ በዘህሩን ወርቅ ቤት መስኮት ላይ እንቁላል።
ዓርብ፣ አንዱ ልጅ ሌላውን በእረፍት ሰዓት፣
"ውሻ ታሰምጣላችሁ አሉ፣ እውነት ነው?"
ቅዳሜ ፋርማሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ደግ ሴት፣ የእውነት ደግ፣
በሹክሹክታ፦ "ሰይጣን ነው የሚያመልኩት ይባላል።"
ማን አለ? ጋዜጣው።
ጋዜጣውስ ከማን ሰማ? ይባላል ነዋ።
እሑድ፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ደረጃ ላይ ናፍጣ ተደፍቶ አደረ፤
የሚፈስ ውሃ እንጂ የታቆረ የማይሆንላቸው ሰዎች
ነጭ ልብሳቸውን በፌስታል እንደያዙ ሳይጠመቁ ተመለሱ።
ዮሐንስ የሚባል በየቤቱ በሞላበት ከተማ
መጥምቁን ነቢያችን የሚሉት እንግዳ ሆኑ።

ሰኞ አንሃር መጣች፣ የዘህሩን ልጅ።
አልጮኸችም። ስሟ ወንዞች ማለት እንደሆነ ነገረችኝ፣
ፊደሉን እንዳልስት።
"ሙሉውን አሳየኝ" አለች።

ከፈትኩላት። በቀኝ በኩል፣
ታጣፊ ወንበሮች፣ ፔርሙዝ፣ ፎጣ የያዘ ጎረምሳ፣
ብስኩቱ ጭቃ ላይ ወድቆበት የሚያለቅስ ሕፃን።
ከታች፣ ከውሃው ሥር፣ ደብዘዝ ብላ፣
የአሮጊቷን ጀርባ ደግፋ የያዘች አንዲት እጅ።
ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፦
"ይቺ የኔ ናት።
እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤
ታርሚዳው ግንባሯን ሲይዝ እኔ ጀርባዋን እይዛለሁ።
ይቺን እጅ ወዴት ወሰዳችኋት?"

እርማት ወጣ። ገጽ አሥራ ሰባት፣
ባገለገለ ፍሪጅና በጠፋች ድመት መሀል፣
ጉንዳን በምታክል ፊደል ሦስት መስመር፦
ማንዳውያን እንደሚባሉ፣ ጥንታዊ ሃይማኖት እንደሆነ፣
"ለተፈጠረው ስሜት" እንደምናዝን።
እዚያ "ሃይማኖት" ቦታ አልጠበበውም።
ስለ ድመቷ ሦስት ሰው ደወለ። ተገኘች።

የጋብቻ ቀለበቴን ያሰፋልኝ ዘህሩን ነበር፣
አምና፣ ጣቴ ሲወፍር።
ስንት ነው አልኩት፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም።
እኔ፣ ጥያቄ ምልክት የማያልቅብኝ ሰው።

አንሃር ያን ሰኞ በር ላይ ደርሳ ዞር አለች፦
"ውሃው በረዶ ነበር፤ የሁላችንም ጥርስ ይንቀጫቀጭ ነበር፤
እናቴ ብቅ ስትል ሳቀች።
እሱንም አልጻፋችሁም።"