ያልተዘጋ ቅንፍ

በቶርሻቭን ወደብ፣ ዝናብ በማይሰለችበት፣
ሱንቫ አርባ ዓመት የቆመችበት ማተሚያ ቤት
ዛሬ ዓሣ መሸጫ ነው፤ የቀለሙ ሽታ ወጥቶለት።
የእርሳሱ ግራጫ ግን ከጣቷ ጫፍ ሙጥኝ እንዳለባት፣
ስትጨብጠኝ አየዋለሁ፣ መጻሕፍት ቤቴ ስትመጣ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከዝናብ ካፖርቷ ስትወጣ።

በእርሳስ የጻፈ ያጠፋል፤ ላጲስ አለ በዓለም።
በእርሳስ የለቀመ ግን፣ ካተመ ወዲያ ምሕረት የለም።

ያን ጊዜ፣ ወጣት ሳለች፣ የባሕሩን ሙላትና ሽሽት
ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት፣ ከረድፍ ረድፍ ስትከትት፣
ከስምንቶች ሳጥን ውስጥ ሦስት ተሸሽጎ ኖሮ
(ሦስት እኮ ስምንት ነው፣ ግራ ጎኑ ተቦርቡሮ)
ታተመ። የሳንዶዩ ሬይን ያችን ሰዓት አምኖ
ጀልባውን ወደ ወሽመጡ ገፋ፣ ጸጥታውን ተማምኖ።
ጀልባዋ ከሦስት ቀን በኋላ ብቻዋን ተመለሰች።
ሱንቫ እዚህ ስትደርስ ሁሌ መነጽሯን ትወለውላለች።

አሁን በሰባ ስድስት ዓመቷ፣ ከእኔ አሮጌ ኮምፒውተር፣
ዊኪው ላይ፣ በትንሿ ቋንቋችን፣ ያንኑ ባሕር ልትደረድር፣
ተማሪዬ ሆናለች።
«ሰንጠረዥ ሲከፈት» አልኳት፣ «ቅንፍ፣ ቀጥሎ ዘንግ ነው፤
ረድፍ ሲለወጥ ዘንግና ሰረዝ፤ ለርእስ ቃለ አጋኖ ነው፤
ስትዘጊው ግን ተገልብጦ፦ ዘንጉ ቀድሞ፣ ቅንፉ ኋላ።»
ሳቀች። «መገልበጥማ ጥርሴን ነቅዬበታለሁ፤ ሌላ?»

ሌላማ ቀመሩ ነው። ድሮ አንድ ክፍልፋይ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤
ላይኛው ቁጥር፣ ታችኛው ቁጥር፣ መሐላቸው የናስ መስመር፣
ራስጌ የምትሰቀል ርቢ፣ በወረንጦ ጫፍ ተይዛ፣
ሰው ቢያስነጥስ የምትበተን። አሁን ባርኔጣ መሳይ ምልክት
ታወጣታለች፣ እንደ ዋዛ።
«ሲቀል» አለችኝ «ይበልጥ ያስፈራል።»

አንድ ማክሰኞ አስቀመጠችው። ገጹ ፈረሰ በሙሉ፤
ኮሳይኑ በቀይ ጮኸ፤ ዓምዶቹ ባንድ ጎን ወደቁ ሁሉ።
«ስንት ሰው አየው?» አለች። «ማንም» አልኳት። አላመነችም።
ጥበቃው ቁልፉን አንቀጫቀጨ፤ ቀና ብላም አላየችም።
ከታች ወደ ላይ አነበበች፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ጥንቷ፣
እያንዳንዷን ምልክት ከመስታወቱ ላይ እየነካች በጣቷ።
አገኘችው፦ ከክፍልፋዩ ጭራ፣ ያልተዘጋ ቅንፍ አንድ።
ዘጋችው። ባሕሩ ተነሥቶ ቆመ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ዓምድ በዓምድ።

«የተሰበረውስ የት ሄደ?» አሳየኋት የለውጥ ታሪኩን፦
ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ስሟን፣ የፈረሰውን ገጽ መልኩን።
«አይጠፋም?»
«አይጠፋም።»
«የኛን ማታ ማታ እናቀልጠው ነበር» አለች፤
«ያችም ሦስት እዚያው ቀለጠች።»

ከዚያ ለውጡ በሚገለጽባት ጠባብ ሳጥን፣ በዝግታ፣
(ካፖርቷን ይዤ ቆሜ ነበር፣ ከኋላዋ፣ በጸጥታ)
ስለ ቅንፉ አልጻፈችም።
«ስምንት ነበር» ብላ ጻፈች።

ወጣን። ከጀልባዎቹ ሥር ውኃው መሙላት ሲጀምር
ሰዓቴን አየሁ። ሰንጠረዡ ልክ ነበር።