ስለ አይጧ ማንም አልጠየቀኝም

ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ ማታ ምን እንደ በላሁ፣
ቄሱም ጠየቁኝ፣ መቼ እንደ ጸለይሁ፣
አለቃው ግሪምሾ፣ ስንት ክር እንደ ፈተልሁ።
ስለ አይጧ ግን
እስከ ዛሬ ማንም የለም የጠየቀኝ።

የካቲት ነበረ፤ የላንክሻየር ወንዝ ግማሹ በረዶ፣
መንኮራኩሩ ሲያቃስት ከጎህ በፊት ማልዶ፣
ጣታችን ከክሩ ጋር አብሮ ተገምዶ።
ማውራት ሁለት ፔኒ ያስቀጣል፣
መሳቅ አንድ።
አንቺ አይጥ ትፈሪ ነበር፣ ኬዝያ፤
እኔ ደግሞ ቀኑን።

ከጆንያው ሥር አገኘኋት፣ አውራ ጣት የምታህል፣
ትኩስ ናት፤ ልቧ እንደ ሰዓት የሚቸኩል።
ከደረትሽ ከተትኋት፣ በአንገትሽ በኩል።
ለሳቅ ነበር። እግዜር ያውቃል፣
ለአንድ ፔኒ ሳቅ።

ጮኽሽ።
ከዚያ እንደ ተበጠሰ ቀበቶ መሬቱን ገረፍሽው።
በማግስቱ ማርጀሪ፣ ሎይስ፣ ፕሩደንስ፣
አይጧን ያላዩ፣ ስሟንም ያልሰሙ፣
ጥርሳቸውን ነክሰው ወለሉ ላይ ተጋደሙ።
አንዷን ለመያዝ አራት ወንድ አልበቃ አለ።
በማዶ መንደር አንዲት ሴት ወሬውን ብቻ ሰምታ፣
ወደቀች፣ ሊጡ ከእጇ ሳይለቅ፣ ደጇ ላይ ተዘርግታ።

«ጥጡ ነው» አሉ፤ «ከባሕር ማዶ መጥቶ፣
በሽታ ይዞ ነው፣ በጆንያ ተከቶ።»
ጆንያው ተቃጠለ፤ ፈትል ቤቱ ተዘጋ፤
አየሽ ኬዝያ፣ በሥራ ቀን፣ ረቡዕ፣
ፀሐይ በላያችን ነጋ።

ከዚያ ሐኪሙ በጋሪ ሳጥን ጭኖ መጣ፣
ሲያሽከረክሩት ከብርጭቆ መብረቅ የሚያወጣ።
ነካን። ዘለልን።
«ድናችኋል» አለ፤ የወደቀ ሁሉ ተነሣ።
ያልወደቀች አንዲት ብቻ
ቀረች ሳትነሣ።

ድር ሲያብር ሸማ ይሆናል፤
ፍርሃትስ ሲያብር?
ሰባ ዓመቴ ነው፤ ሌሊት እየነቃሁ እላለሁ፦
አይጧ ምን አደረገች?
በዚያ ሁሉ ደረት ውስጥ እኮ
ገና ድሮ አንዳች ነገር ይሯሯጥ ነበር፣
መውጫ አጥቶ።

እሷማ ሞተች፤ ስትወድቂ ከሥርሽ ተደፍጥጣ።
ማንም ሳያይ ከግንቡ ኋላ ቀበርኋት፣
በባዘቶ ጠቅልዬ።
ጥሩ ጥጥ ነበረ፣ አንደኛ ደረጃ።
ቢያዩኝ ሦስት ፔኒ ያስቀጣኝ ነበር።